የግራ እጅ ሹሩባ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ነርስ ላይ ቂም ይዤ ኖሬአለሁ። ልጄን አልገደለቻትም። ልጄን የገደላት አፋኙ ነው። ነርሷ ያደረገችው ሌላ ነው። ረሳቻት።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ መስከረም ላይ ነው፤ አፋኝ የምንለው በሽታ ለሁለተኛ ጊዜ ኮምቦልቻ የገባ ጊዜ። ልጄ ሕብስት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያኔ ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሞልቶናል። እኔ ያልወደድኩትን ሰው አግብታ ደረቅ ወደብ ሰፈር ገባች። እኔም ደጄን እንዳትረግጪ አልኳት፣ እሷም አልረገጠችም። በእልኽ አንድ ነን። ስትታመም ማቆያ አስገቧት። ማቆያ ዘመድ አይገባም። ዘጠኝ ቀን ተኛች፣ በዘጠነኛው ቀን መርዶዋ በስልኬ መጣ።

እናቴ ስትነግረኝ ድሮ መርዶ በሰው እግር ነበር የሚመጣው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ መጥቶ ደጅ ይቆማል፣ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ደግፎ የሚይዝሽ ሰው ከተዘጋጀ በኋላ ነው የሚነገርሽ። የእኔ ግን ገበያ መሀል ሽንኩርት ስመርጥ ደረሰኝ። የሴት ድምፅ ነው፣ የሚያምር ድምፅ። «ታካሚ ሕብስት በሰላም አርፋለች። ነርስ አብራት ነበረች። በአገልግሎታችን ላይ አስተያየት ካለዎት አሁን ይናገሩ» አለኝ። እዚያ ገበያ መሀል ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም። ስጨርስ ግን «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብሎኛል።

በሦስተኛው ቀን ማቆያው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። በለቅሶ ላይ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ እንዴት ሆነች፣ ምን አለች፣ ማንን ጠራች። የመጣ ሁሉ ይጠይቃል። እኔ የምመልሰው አልነበረኝም። መልሱ ያላት አብራት የነበረችው ብቻ ናት። ረህመት ትባላለች አሉኝና ጠሩልኝ። ቀጭን ልጅ፣ ሻሽ ያሰረች፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። እፍኝ ቆሎ ይዛ እየቆረጠመች ወጣች።

«የሕብስት እናት ነኝ» አልኳት።

እጇ አንጓ ላይ ያለውን ሰሌዳ አየት አደረገችና፣ «አዎ፣ ዘጠኝ ቀን አብሬያት ነበርኩ ይላል» አለች።

«ይላል?»

«ይላል፣ እናቴ።»

«እና ጠራችኝ? እማ አለች?»

ፈገግ አለች። «አውርጃለሁ እናቴ። እኔ ዘንድ ምንም የለም። ፈጣሪ ያጽናዎት» አለችኝ። ከዚያ ቆሎውን በእጇ እንደያዘች ወደ ውስጥ ገባች።

ያቺን ፈገግታ ነው አሥራ አንድ ዓመት የያዝኳት።

በለቅሶው ጸጉሬን ተላጭቼ ነበር። በእኛ ወግ ልጇን የቀበረች እናት ጸጉሯን ትቆረጣለች፣ ዓመቱ ሲሞላ ከሐዘን ትወጣለች፣ ጸጉሯንም ታሳድጋለች። እኔ አልወጣሁም። በየወሩ መቀስ አንስቼ ከሥሩ እቆርጠዋለሁ። የእድሩ ሴቶች «ኧረ ይፍቱሥራ በቃሽ! ጎረምሳ መስለሽ ልትሞቺ ነው?» ይሉኛል። «ያልተመለሰልኝ ጥያቄ አለ» እላቸዋለሁ። እንደኔ ያለ ደረቅ ሴት አይተው ስለማያውቁ መጨረሻ ላይ ተውኝ።

ጸጉር ካነሳሁ አይቀር ይህንንም ልናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕብስትን ሹሩባ የምሠራት እኔ ነበርኩ። እኔ ግራኝ ነኝ። ሹሩባም ማንም አላስተማረኝ፣ ተማሪ ቤትም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩ፤ ሁሉን ነገር በራሴ እጅ ነው የለመድኩት። ሰው ጉንጉኑን ከላይ ያሳልፋል፣ እኔ ከሥር አሳልፋለሁ። ሰው ከግንባር ይጀምራል፣ እኔ ከማጅራት እጀምራለሁ። ጫፉን ሰው በክር ያስረዋል፣ እኔ አጥፌ ወደ ውስጥ እመልሰዋለሁ። ስህተት ነው፣ አውቃለሁ። ሕብስትን ትምህርት ቤት ይስቁባት ነበር። ስስበው ያማትና ታለቅሳለች። «ቻይው፣ ጆሮ ጋ ደርሰናል» እላታለሁ። ገና ማጅራቷ ላይ ሆኜ ነው እንዲህ የምላት። ውሸቴን መሆኑንም ታውቃለች።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ አፋኙ ለአራተኛ ጊዜ ተመለሰ። ማቆያው የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለ። ሰው ፈርቶ ዝም አለ። እኔ ሄድኩ። የሚመዘግበው ልጅ «እትዬ፣ አይፈሩም?» ቢለኝ «የፈራ ይፍራ፣ መወልወያው የት ነው?» አልኩት። ማውረጃ ክፍል መደበኝ።

ማውረጃው ረጅም ክፍል ነው። ስድስት ወንበር አለው፤ ከእያንዳንዱ ወንበር በላይ የጸጉር ቤት የመሰለ ቆብ ተንጠልጥሏል። ነርሶቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርተው ይወጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ወንበሩ ላይ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀመጣሉ። ሲነሱ ያ ቀን የለም። ፊት የለም፣ ስም የለም፣ ጩኸት የለም። ሙያ ግን አይነካም። መርፌ አወጋጉን፣ በሽተኛ አገለባበጡን፣ እጅ የለመደውን ሁሉ ይተውላቸዋል። ባይተውላቸው በማግስቱ ማን ይሠራል? ትናንትና ከትናንት በስቲያ ከነገ ጋር ሲደመር ሰው ስለማይችለው ነው ይህ የመጣው ይላሉ። በፊት ነርሶች ሥራ እየጣሉ ይሄዱ ነበር አሉ። አሁን አይሄዱም።

ከወንበሮቹ በስተቀኝ አንድ አግዳሚ አለ፣ በስተግራም አንድ። በቀኙ ላይ ተራ የሚጠብቁት ይቀመጣሉ። አይነጋገሩም። ወለሉን ያያሉ። አንዳንዷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በግራው ላይ ያወረዱት ናቸው። ሻይ አላቸው፣ ቆሎ አላቸው፣ ይቀላለዳሉ። ከግራ ወደ ቀኝ ማውራት ክልክል ነው። እኔ በመሀል እወለውላለሁ።

ብዙ ነገር ለመድኩ። ነርሶቹ ጠዋት ወደ በሽተኛው ገብተው «እንደምን አደሩ፣ እኔ እገሊት እባላለሁ» ይላሉ፣ ለአምስተኛ ቀን። በሽተኛውም ለምዶታል። አንድ ሽማግሌ ደረታቸው ላይ ወረቀት ለጥፈው ነበር፤ «በግራ ጎኔ አታስተኙኝ፣ ትናንትም ነግሬያለሁ፣ ከትናንት ወዲያም ነግሬያለሁ» ይላል። ነርሶቹ ክንዳቸው ላይ የጥፍር ጭረት ያገኛሉ፣ ማን እንደጫራቸው አያውቁም። ዓይናቸው አብጦ ከወንበር ይነሳሉ፣ ጠብታ ይጨምሩበታል፣ ያልፋሉ። ሲራክ የሚባል ግዙፍ ሰውዬ ነርስ አለ። ሻይ ሲይዝ ብርጭቆውን ከአፉ ሳያደርስ አየር ላይ ዘንበል አድርጎ ያቆየዋል፣ ሌላውን እጁን ከሥሩ ያደርጋል፤ ልክ የተኛ ሰው ቀና አድርጎ እንደሚያጠጣ።

«ሲራክ፣ ማንን ነው የምታጠጣው?» ይሉታል።

«እኔ ምን አውቄ፣ እጄን ጠይቁት» ይላል። ይስቃሉ። እሱም ይስቃል።

የጽዳቶቹ አለቃ ዘምዘም የመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃኛለች። «እትዬ ይፍቱ፣ እዚህ ቤት መወልወያ ሹሩባ ይሠራል፣ እንዳይደነግጡ» አለችኝ።

«ምን ይሠራል?»

«ግድግዳ አስደግፈው ዞር ካሉ ሲመለሱ ክሩ ተጎንጉኖ ያገኙታል። ስንት ዓመቱ! እኔ ጂኒ ነው ባይ ነኝ። ሲራክ ደግሞ መወልወያዋ ሰርግ ተጠርታ ነው ይላል። ማንም ይሁን ማን፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ስፈታ ጥፍሬ አለቀ።»

ሳቅሁ። የእኔን ማንም አልነካውም፤ ከእጄ አይለይማ።

የነርሶቹ አለቃ ረህመት ሆናለች። ሰፋ ብላለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ፈገግታዋ ያው ነው። እኔ አወቅኋት፣ እሷ አላወቀችኝም። «እንኳን ደህና መጡ እትዬ» ብላ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። አልበላሁትም። ቤቴ ስደርስ ለዶሮ በተንኩት።

አምስት ሳምንት አየኋት። ከወንበሩ ተነስታ ግራው አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር አድርጋ ትቀመጥባቸዋለች። ሲራክ ቆሎውን አፏ ድረስ ያመጣላታል፣ «ልዕልታችን» እያለ። በርዷት ይመስለኝ ነበር። ስትስቅ ባየኋት ቁጥር መወልወያውን ወለሉ ላይ አጥብቄ እጫነዋለሁ። ይህች ልጅ የልጄን ዓይን ከድናለች። የልጄን የመጨረሻ ቃል ሰምታለች። ከዚያ እዚህ ተቀምጣ አራግፋዋለች፣ እኔ ደግሞ ያራገፈችበትን ወለል እወለውላለሁ።

ነሐሴ አሥራ ስምንት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሌሊቱ ፈረቃ ወጣ። በረህመት በኩል በአንድ ሌሊት ሰባት ሰው ሞቷል፤ አንሶላውን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አውቃለሁ። ቀኙ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ግንባሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። የእሷ ወንበር ሦስተኛው ነው።

ለአንድ ቀን ትሸከመው፣ አልኩ በልቤ። አንድ ቀን ብቻ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ችዬ የለ?

መወልወያዬን ግራው አግዳሚ ላይ አስደገፍኩና ሦስተኛው ወንበር ጀርባ ተንበረከክሁ፣ የምጠርግ መስዬ። ከቆቡ የሚወርድ ወፍራም ገመድ አለ። በሁለት እጄ ይዤ ነቀልኩት። ወንበሩ መብራቱን አላጠፋም። የወንበሩ ሰሌዳም ምንም አላለ።

ረህመት መጥታ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ደወለ፣ ተነሳች። ሰሌዳው «አውርዳለች» ብሎ መዘገበ። ትንሽ ቆመች፣ እንደሚያዞረው ሰው። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ግራው አግዳሚ ሄደች።

«ነይ ልዕልት፣ ቆሎው ሊያልቅ ነው!» አላት ሲራክ። «ዘምዘም ጂኒዋን ልታገባ ነው፣ ሰምተሻል?»

ተቀመጠች፣ እጆቿን ግን ጭኖቿ ሥር አላደረገችም። «በላይነሽ» አለች።

«የቷ በላይነሽ?»

«አሥራ አራት ቁጥር። ውሃ አለችኝ። ሌላ ሰው ይዤ ነበር። መጣሁ አልኳት። ስመለስ...»

ሳቁ ቆመ። ሲራክ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ረህመት፣ አላወረድሽም?» አላት።

«ተቀምጬ ነበር። አልወረደልኝም መሰለኝ» አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ስም ጠራች።

አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱ። ክፉ ሆነው አይደለም። ወንበሩ አውርዳለች ብሎ የመዘገባትን በዚያ ቀን ዳግመኛ አይቀበልም። እነሱ አውርደዋል፤ የእሷን ከሰሙ ነገ ወንበሩ አያነሳላቸውም፤ ከወንበር በኋላ የተሰማ ይቀራል። ሲራክ መጨረሻ ነው የተነሳው። እጁን ትከሻዋ ላይ ሊያደርግ ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

አግዳሚው ለእሷ ብቻ ቀረ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ አያታለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ሳስበው ደስ ሲለኝ ነው የሚታየኝ። ግን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ስሞቹን ለማንም ሳይሆን ለወለሉ ስትቆጥር፣ ገበያ መሀል ሽንኩርት ይዛ የቆመችውን ሴት አየሁ። የሚይዛት ሰው የለም። እኔም አልሄድኩላትም። እልኼ ያዘኝ፤ እግሬ ሊሄድ አለና አልለቀውም አልኩት።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ተነሳችና በሩን ከፍታ ወጣች።

ገመዱን መልሼ ሰካሁና መወልወያዬን ላነሳ ሄድኩ። ክሩ ከግማሽ በላይ ተጎንጉኗል። ዘምዘምን ልጠራት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ጉንጉኑ ከሥር ነው የሚያልፈው። የሚጀምረው ከላይ ሳይሆን ከኋላ ነው። ጫፉ ደግሞ አልታሰረም። ታጥፎ ወደ ውስጥ ተመልሷል።

በዚህ አገር እንዲህ የሚሠራ ሰው የለም። ከእኔ በቀር፣ እኔ ከሠራኋት ልጅም በቀር።

መወልወያውን ታቅፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያልደረቀ ነበር፣ ቀሚሴን አረጠበው።

በማግስቱ ረህመት አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። ሰሌዳው አውርዳለች ስለሚል የማቆያው ኃላፊ አልጠረጠረም፤ ጉንፋን ነው ተባለ። ዘምዘም ደውላ እናቷን አገኘች። «ግድግዳ እያየች ተቀምጣለች፣ አትናገርም፣ አትበላም ይላሉ» አለችኝ። ሲራክ ይህን ሰምቶ ሻዩን ይዞ አየር ላይ አዘንብሎ ብዙ ቆየ። ያን ቀን ማንም አልሳቀበትም።

ያን ጊዜ የመወልወያውን ራስ ከእንጨቱ ፈታሁና በፌስታል ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቤታቸው ቦርከና ወንዝ ማዶ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፌስታሉን አይቶ አፍንጫውን ያዘ። «ዝም ብለህ ተቀመጥ» አልኩት።

እናቷ ከፈቱልኝ። ከማቆያው ነኝ ስላቸው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ረህመት ፍራሽ ላይ ናት፣ እጆቿ ጭኖቿ ሥር ናቸው።

«ሲስተር፣ ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ቆሜ ነው ያልኩት፣ ጫማዬንም ሳላወልቅ።

ዓይኗን ከግድግዳው አላነሳችም።

«ሳላውቅ አይደለም። ሆን ብዬ ነው።»

ዞራ አየችኝ። «ምን አድርጌዎት?» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ጠፋኝ። ፌስታሉን ፈትቼ መወልወያውን ፊቷ አስቀመጥኩት። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

ሌባ ሆና የተያዘች ይመስል ሸሸች። «እኔ ነኝ እንዴ? መወልወያውን የምሠራው እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። አጠገብሽ አስደግፌው ነው የሠራሽው።»

«እትዬ፣ ሹሩባ አልችልም እኮ! የራሴን እንኳ እህቴ ናት የምትሠራልኝ። እጄ ነው። የመጋረጃ ጫፍ ያገኛል፣ የእናቴን ነጠላ ዘርፍ ያገኛል፣ ይጎነጉናል። እኔ ሳየው ነው የማውቀው። ለዚህ ነው የምቀመጥበት። እጄን እፈራዋለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከመጀመሪያ ዓመቴ። ከዘጠና አንድ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያልተጎነጎነ ክር ለይቼ በግራ እጄ ጀመርኩ፤ ከሥር፣ ከሥር፣ ከሥር፣ አጠፍኩ፣ ወደ ውስጥ መለስኩ። አንዱን እጇን ከጭኗ ሥር አወጣች። ከዚያ ሌላውን። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክር ይዛ ሠራች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የትኛው የማን እንደሆነ እኔም አልለየሁ። እናቷ በር ላይ ቆመው «ያ አላህ» አሉ።

«ሕብስት ትባላለች» አልኳት። «ልጄ ናት። እኔ ነኝ እንዲህ የምሠራት። ዘጠኝ ቀን አብረሻት ነበርሽ። በር ላይ መጥቼ ጠርታኝ እንደሆነ ጠይቄሽ ነበር።»

አተኩራ አየችኝ። «እርስዎ ነዎት?» አለች። «በሩ ላይ የነበሩት... ያን አልረሳሁትም። ከወንበር በኋላ ነው የመጡት። ፈገግ ያልኩት ሌላ ምን እንደሚደረግ ስላላወቅሁ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር እኮ፣ እትዬ።»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለእሷ ነው። መወልወያውን ጭኗ ላይ አድርጋ እያሻሸች፣ «እጅ በአንድ ቀን አይለምድም» አለች። «በየቀኑ አስተምራኛለች ማለት ነው። እኔ በየጠዋቱ እንግዳ ሆኜ እገባለሁ፣ እኔ ረህመት እባላለሁ እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እናቴ እንደምትሠራኝ ሥሪኝ ሳትለኝ አትቀርም።»

«እሷ ትዕግስት የላትም» አልኩ። «አንድን ነገር ሁለቴ አትናገርም።»

«ዘጠኝ ጊዜ ተናግራለች።»

ያን ጊዜ ነው ለማንም ያልነገርኩት የወጣኝ። ለእድሩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩትም። «ሦስቴ ደውላልኝ ነበር» አልኳት። «ከማቆያው። ስሟ ስልኬ ላይ እየታየኝ አላነሳሁም። ትለምነኝ ብዬ ነው። አራተኛውን አነሳለሁ ብዬ ነው። አራተኛ አልደወለችም።»

ረህመት ቀና አለች። «እና እኔን ነው ጠራችኝ ወይ ብለው የጠየቁት?» አለች።

በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ብትለው ይሻለኝ ነበር።

እናቷ ሾርባ አመጡ። አልነካነውም። «ሰባቱን ንገሪኝ» አልኳት። «ወንበሩ አልወሰደልሽም፣ ግማሹን እኔ ልያዘው።» ከበላይነሽ ጀመረች። ሰባቱንም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ነገረችኝ፤ ስማቸውን፣ የጠየቁትን፣ ያልደረሰችላቸውን። እኔ መጻፍ አይቀናኝም፤ እየመለስኩ እላታለሁ፣ ከተሳሳትኩ ታርመኛለች። ስንጨርስ ሾርባው በርዶ ነበር፣ ጠጣችው።

በማግስቱ ለማቆያው ኃላፊ ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነገርኩት። አባረረኝ። ልክ ነው። ረህመት ከሳምንት በኋላ ተመለሰች፣ ወንበሯም ላይ ተቀመጠች። ተይው አላልኳትም። ወንበሩ ከሌለ ያን ወረርሽኝ የሚጨርስ ሰው የለም፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያሳየሁትም እኔው ነኝ። ሰባቱ ግን ቀርተውባታል። ወንበሩ የዕለቱን እንጂ የከረመ አይወስድም።

ስለዚህ ዕረፍቷ በሆነ ቀን ሁሉ እኔና እሷ በእግራችን ሄድን። ሰባት ቤት። ደጅ እንቆማለን፣ ጎረቤት አስቀድመን እንጠራለን፣ ከዚያ እንገባለን። የመጀመሪያው የበላይነሽ ቤት ነበር፤ ባሏ አንጥረኛ ነው። «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ፣ ሁሉም እንደሚጠይቀው። ረህመት «ውሃ አለች። ዘግይቼ ደረስኩ» አለችው። ይመታታል ብዬ ከፊቷ ቆሜ ነበር። እሱ ግን «እንግዲህ ጠምቷት ነበር» አለ፣ አለቀሰ። ስንወጣ ጠርቶ መለሰን። ለረህመት በጣሳ ውሃ ሰጣት። ቆማ ጠጣችው፣ እስኪያልቅ።

የእኔ ሕብስት ግን ሦስቴ የደወለችው ምን ልትለኝ እንደነበር አላውቅም። አላውቀውምም። ይህን ማንም አይነግረኝም፣ ማንም አልረሳብኝም፤ ስልኩን ያላነሳሁት እኔ ነኝ።

መቀሱን ከዚያ ነሐሴ በኋላ አልነካሁትም። ጸጉሬ ቶሎ አያድግም፣ ግማሹም ሸብቷል። ጥር ላይ አፋኙ ሲለቅ አራት ጣት ያህል ሆነ። አንድ ቅዳሜ ረህመትን ቤቴ ጠራኋት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ሆነች።

«አጭር ነው እትዬ፣ አይይዝም። ያምዎታል» አለችኝ።

«ሥሪ ዝም ብለሽ።»

ጀመረች። እጆቿን ዛሬ አልፈራቻቸውም። ከማጅራቴ ያዘችና ከሥር አሳለፈች። ስትስበው እውነትም አመመኝ፣ ሳላስበው ጮኽኩ።

«ቻይው፣ ጆሮ ጋ ደርሰናል» አለች።

እጇ ቆመ። ስለ ሕብስት ብዙ ነግሬያታለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኳትም።

ትንሽ ቆይታ ቀጠለች። ጆሮዬ ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀራታል።